የፍቅር ልብ ወለድ በወጣቶቻችን እጅ፦ እንከልክል፣ ዝም እንበል ወይስ አብረን እናንብብ?



በቢቸናና በሞጣ እየተመላለስን በምናገለግልበት ጊዜ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡልን አንድ ጥያቄ አለ፦ “ፓስተር፣ የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ ኃጢአት ነው?” ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁን ከኅብረት በኋላ፣ ሌሎች ወጥተው ሲያልቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ቀጥሎም ሌላው ጥያቄ ይመጣል፦ “ኃጢአት ካልሆነስ የትኛውን እናንብብ?”

የመጀመሪያውን መመለስ ይቀላል። ሁለተኛው ይከብዳል፤ መጽሐፍ ለመምከር አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋልና። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሰጠው መልስ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ “ዓለማዊ መጽሐፍ አትንኩ” የሚል ነው። ሌላው ዝምታ ነው። ሁለቱም ወጣቱን እዚያው ያደርሱታል፦ ሌሊት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ብቻውን ስልኩ ላይ። ዛሬ ልብ ወለድ ለማግኘት አዲስ አበባ ወርዶ መጽሐፍ አዟሪ መፈለግ አያስፈልግም። በቴሌግራም ክፍል በክፍል ይለቀቃል፤ “ቀጣዩ ክፍል ነገ ማታ” ይባልና ልጆቻችን የነገን ማታ ይጠብቃሉ። እኛ ደግሞ እነርሱን እሑድ ጠዋት እንጠብቃለን።

በዚህ ጽሑፍ ልንል የምንወደው አንድ ነገር ነው። የፍቅር ታሪክ ከልጆቻችን ጋር አብሮ ማንበብ የእረኝነት ሥራ ነው። መከልከልም መፍቀድም ይህን ሥራ አይተካውም።

የእግዚአብሔር ቃል ታሪክን አይፈራም

ንጉሥ ዳዊት ኃጢአቱን ሸፍኖ በተቀመጠ ጊዜ እግዚአብሔር ነቢዩን ናታንን ላከበት (2ኛ ሳሙ. 12)። ናታን ሕግ በመጥቀስ አልጀመረም። ብዙ መንጋ ስላለው ባለጠጋና አንዲት ግልገል ብቻ ስለነበረችው ድሃ ተረከለት። ያ ባለጠጋና ያ ድሃ በየትኛውም መንደር የሚገኙ ሰዎች አልነበሩም። ዳዊት ግን ተቆጣ፣ ፈረደም። የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በቀጥታ ቢነገረው ሊከራከር ይችል የነበረ ልብ በታሪክ በኩል ተከፈተ።

ጌታችንም ሕዝቡን በምሳሌ አስተማረ። የጠፋው ልጅ አባት ስም የለውም፤ አገሩም አልተጠቀሰም፤ ስንቱን ወደ ቤቱ እንደ መለሰ ግን እናውቃለን። ወንጌላውያን አማኞች በየዘመኑ ሲወዱት የኖሩት፣ ጆን በንያን በ1678 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሳተመው የመንገደኛው ክርስቲያን ታሪክም በልብ ወለድ መልክ የቀረበ ነው።

ፍቅርንም ቢሆን ቃሉ አልዘለለውም። ያዕቆብ ለራሔል 7 ዓመት አገለገለ፤ ይወዳት ስለነበር ዘመኑ አጭር መስሎ ታየው (ዘፍ. 29)። በሌላ በኩል 2ኛ ሳሙኤል 13 አለ። አምኖን ትዕማርን መውደዱ ይነገራል፤ ከደፈራት በኋላ ግን ሊያያት አልፈለገም፤ አስወጥቶ በሩን ዘጋባት። መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ቦታ ስለ መውደድ ይናገራል። አንዱ ይጠብቃል፤ ሌላው ይነጥቃል። ይህን ልዩነት በሁለት ታሪኮች ያሳየን አምላክ፣ ልጆቻችን በሚያነቡት ታሪክ ውስጥም እንዲለዩት አይፈልግም ማለት አንችልም።

በደጃችን ያለው ልብ ወለድ

የትኛውን እናንብብ ለሚሉን የመጀመሪያው ምክራችን ሩቅ አገር አይሄድም። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ብዙም አይርቅም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” ታሪኩ በአብዛኛው የሚካሄደው እዚያው ዲማ ነው። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. እዚሁ ጎጃም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። የጻፉት ከውስጥ የሚያውቁትን አገር ነው። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለን ብዙዎቻችን መጽሐፉን ከማንበባችን በፊት በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምተነዋል።

ታሪኩን የማታውቁ ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለአንዲት ልጃቸው ለሰብለ ወንጌል ባል አልመጥን ብሏቸው፣ የመጣውን ሁሉ በዘር እየመዘኑ ይመልሳሉ። ልጅቷ ዕድሜዋ እየገፋ ይሄዳል። ከማንኩሳ የመጣው የድሃ ልጅ በዛብህ ሊያስተምራት ይቀጠራል፤ ይዋደዳሉ። ፍጻሜውን ርእሱ ራሱ ይናገራል።

ይህን መጽሐፍ ከምናገለግልባቸው የቤት ኅብረቶች በአንዱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት አብረን አንብበነዋል። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ወጣቶቹ እየተቀባበሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶች ያዳምጣሉ። የነበረን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ያ ጎድሎን አያውቅም፤ እንዲያውም ማንም ቀድሞ እንዳይሮጥ አደረገን። ወላጆች በሌሉበት ላለማንበብም ተስማምተን ነበር።

ፊታውራሪው ጠያቂዎችን የሚመልሱበት ክፍል ሲነበብ ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ አንዲት እናት ስኒ እያነሡ፣ “ልጅቷን ማንም አልጠየቃትም እኮ” አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ቤት ልጅ የዳሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ።

አጥንት መቁጠር በእኛም ቤት

ለምን ጸጥ እንዳለ እንናገር። በዚያ ኅብረት ውስጥ የሚፈላለጉ ሁለት ወጣቶች አሉ። ሁለቱም ጌታን የተቀበሉ፣ ሁለቱም መዘምራን ናቸው። የወጣቱ እናት ግን ሸክላ ሠሪ ናት። በአገራችን የሸክላ ሠሪን፣ የሸማኔን፣ የቀጥቃጭንና የፋቂን ልጅ በምን ዓይን እንደምናይ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። በእጃቸው ሥራ ስንገለገል ኖረን፣ እንጀራችንን በምጣዳቸው ጋግረን፣ ወጣችንን በድስታቸው ሠርተን፣ ለጋብቻ ሲሆን “ቡዳ” እንላቸዋለን። የልጅቷ አባት በቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሰው ናቸው፤ በጸሎትም የታወቁ ናቸው። ስለ ጋብቻው ሲጠየቁ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፦ “እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ገብቶ አያውቅም።”

በዚህ ጉዳይ ላይ ከገላትያ 3፥28 ሰብከናል፤ በክርስቶስ አይሁዳዊና ግሪካዊ፣ ባሪያና ጨዋ የሚል ልዩነት እንደሌለ ተናግረናል። እኒህ አባት “አሜን” ብለዋል። አሜን ማለት አይከብድም፤ ስብከቱ ስለ ሌሎች የተነገረ ሊመስል ይችላል። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሰሙ ግን አሜን አላሉም። ወደ መሬት እያዩ ቆዩና ቡናውን ሳይጠጡ ወጡ። ናታን በዳዊት ቤት ያደረገውን፣ በዲማ ምድር የተጻፈ ልብ ወለድ በእኛ ቤት ሲያደርገው አየን።

ጉዳዩ እስካሁን አላለቀም። አባትየው እሺ አላሉም። ነገር ግን ወጣቱ ሰላም ሲላቸው ፊታቸውን ማዞር ትተዋል፤ ልጃቸውንም አንድ ቀን ተቀምጠው “አንቺ ምን ትያለሽ?” ብለው ጠይቀዋታል። ከዚያ በፊት ጠይቀዋት አያውቁም። እየጸለይን ነው። እናንተም ጸልዩ።

ሳይጠየቅ የተሰጠ ልጅ

መጽሐፉ የከፈተው ሌላም ቁስል አለ። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። ስለቱ በሕይወቱ ሁሉ ይከተለዋል፤ ሲወድም ሲያዝንም “ስለት ያፈረስሁ ነኝ” የሚል ፍርሃት አይለቀውም።

እኛ ወንጌላውያን “ይህ የድሮ ሰው ነገር ነው” ለማለት እንቸኩላለን። ግን ስንት እናት በጭንቅ ጊዜ “ጌታ ሆይ፣ ይህ ልጅ ከተረፈ አገልጋይህ ይሆናል” ብላለች? ስንት ወጣት ጥሪ ሳይሰማው፣ የእናቱን ቃል ላለማፍረስ ብቻ ወደ አገልግሎት ገብቷል? ሐና ሳሙኤልን ሰጠች፤ ይሁን እንጂ ጌታ ሳሙኤልን ራሱን በስሙ ጠራው፤ ልጁም ራሱ መለሰ (1ኛ ሳሙ. 3)። ዮፍታሔ ደግሞ በችኮላ ተሳለ፤ ዋጋውን የከፈለችው ልጁ ናት (መሳ. 11)። ልጅን በጸሎት በጌታ ፊት ማቅረብ መልካም ነው። ፈንታውን ሆኖ መመለስ ግን የወላጅ ድርሻ አይደለም። ይህን የተነጋገርነው ከአንድ ልብ ወለድ ተነሥተን ነው።

አዲሶቹንስ እንዴት እንምከር?

ወጣቶቻችን የሚያነቡት የ1958ቱን መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ ይወጣል፤ ሁሉንም አንብበን አንዘልቀውም። ስለዚህ የመጽሐፍ ዝርዝር ብቻ ከመስጠት ይልቅ፣ በማንኛውም የፍቅር ታሪክ ላይ የሚጠይቋቸውን ሦስት ጥያቄዎች እናስተምራቸዋለን።

አንደኛ፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ፍቅር የሚባለው ነገር ምን ያደርጋል? እንደ ያዕቆብ ይጠብቃል ወይስ እንደ አምኖን ይነጥቃል? በስልክ ከሚሠራጩት ታሪኮች በብዙዎቹ ወንዱ ሲቀና፣ ሲቆጣጠር፣ ሲያስገድድ “በጣም ስለሚወዳት ነው” ይባላል። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ይህን እያነበበች ብታድግ፣ ነገ ለሚመታት ሰው ምክንያት ታገኝለታለች።

ሁለተኛ፦ ታሪኩ ማንን ይረሳል? ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን የፍቅር ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተርጕሞታል፤ በኋላም “ነገም ሌላ ቀን ነው” ተብሎ ታትሟል። ሞት በቀረበበት ቤት ሰዎች ታሪክ መራባቸው። ይህን ስናስብ፣ ልብ ወለድ የሥራ ፈቶች ነገር ነው ለማለት አንደፍርም። ያንኑ መጽሐፍ በሁለተኛው ጥያቄ ስንመረምረው ግን ሌላ ነገር እናያለን። ባለ እርሻዎቹ ሲዋደዱና ሲለያዩ በዝርዝር ይተረካል፤ በባርነት የሚያገለግሏቸው ጥቁሮች ግን ባሉበት ደስተኞች መስለው ይታያሉ። የትርጕሙን ድካም እያደነቅን ይህንንም መናገር እንችላለን። በአማርኛ ታሪኮችም እንዲሁ ነው። የተተወችው ሚስት የት ገባች? የቤት ሠራተኛዋስ ስም አላት?

ሦስተኛ፦ አንብበን ስንዘጋው በቤታችን ያለውን ሰው የበለጠ እናከብረዋለን ወይስ እንንቀዋለን? ባለትዳሮች በዚህ ጥያቄ ብዙ ተጠቅመዋል። ጀግናው ሁልጊዜ መልከ መልካምና ባለጠጋ የሆነበትን ታሪክ ስታነብ የከረመች እኅት፣ ከእርሻ ደክሞ የመጣ ባሏን እግር ለማጠብ ቀርቶ ዓይኑን ለማየት ሊከብዳት ይችላል። ለወንዶቹም ያው ነው።

በእነዚህ ጥያቄዎች መዝነን ዕድሜ ለይተን እንመክራለን። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ለሁሉም፣ ከወላጅ ጋር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ያሳተሙትን “የልብ አሳብ፣ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ” ለእጮኛሞች፤ ስለ ጋብቻ በታሪክ ማስተማር ዛሬ የተጀመረ እንዳልሆነ ያሳያልና። የበዓሉ ግርማን “ከአድማስ ባሻገር” (1962 ዓ.ም.) ለጎልማሶች። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን “ሌቱም አይነጋልኝ” ለወጣት አንሰጥም፤ ስለ ውቤ በረሃ ሌሊት ያለ መጋረጃ የሚናገር በመሆኑ ሳይታተም ብዙ ዓመት የቆየ መጽሐፍ ነው። ቢሆንም በውስጡ ያሉትን ሴቶች ጌታ አያያቸውም አንልም። በስምዖን ቤት እግሩን በእንባዋ ያጠበችውን ሴት አይቷታልና (ሉቃ. 7)።

ጮክ ብሎ የማይጠየቀው ጥያቄ

አሁን ደግሞ ወጣቶች የሚጠይቁን ሌላ ነገር አለ። ከውጭ የሚመጡ አዳዲስ ልብ ወለዶችና ፊልሞች በተመሳሳይ ጾታ መካከል ያለን ፍቅር ይተርካሉ፤ በስልክም እዚህ ይደርሳሉ። ስለዚህ ምን ትላላችሁ ይሉናል።

የምናምነውን አንደብቅም። ጋብቻ እግዚአብሔር ለአንድ ወንድና ለአንዲት ሴት የሠራው ኪዳን እንደሆነ ከዘፍጥረት 2 እና ከጌታ ቃል ከማቴዎስ 19 እናስተምራለን። እነዚህን ታሪኮችም ለወጣቶች የሕይወት መመሪያ አድርገን አንመክርም። ነገር ግን ጥያቄውን ይዞ የመጣውን ልጅ “ምን አስነበበህ?” ብለን አንጮህበትም። ከጠየቁን መካከል ለማወቅ ብቻ የጠየቀ አለ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ራሱን አይቶ፣ ለማንም መናገር ፈርቶ፣ እኛን በመጽሐፍ በኩል የሚፈትነንም ሊኖር ይችላል። “ስለ መጽሐፉ” እያለ የሚጠይቀን ስለ ራሱ ከሆነ፣ በመጽሐፉ ላይ የምንናገረውን እያንዳንዱን ቃል በራሱ ላይ እንደተነገረ ይሰማዋል።

ስለዚህ ለአገልጋዮችና ለወላጆች አደራ እንላለን። በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ አይቀለድ። ምሥጢሩን ያካፈለ ሰው ስሙ በጸሎት ርእስ ስም አይዙር። የሚመታ፣ ከቤት የሚያስወጣ፣ ሌላውን የሚያነሣሣ ሰው የክርስቶስን እውነት ጠበቅሁ አይበል። ጌታ የተቀጠቀጠን ሸምበቆ እንደማይሰብር በኢሳይያስ 42 ተነግሮለታል። እኛ የምንይዘው እውነት ሸምበቆውን ከሰበረው፣ አያያዛችን የጌታ አይደለም። አብሮ መቀመጥ፣ ማዳመጥ፣ ቃሉን አብሮ መክፈት፣ በችኮላ አለመፍረድ፤ የምንመክረው ይህን ነው።

ከመቃብር ወዲያ

ወንጌልን እየፈለጋችሁ ላላችሁ ወዳጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር እንበል። የበዛብህንና የሰብለን ታሪክ ሰምቶ ያላለቀሰ ሰው ጥቂት ነው። ለምን ይመስላችኋል? ሰው እስከ መጨረሻው የሚወደድ ፍጡር ሆኖ ስለተሠራ ነው ብለን እናምናለን። ያ ልብ ወለድ እውነቱን ነግሮናል፤ ምርጥ የተባለው የሰው ፍቅር እንኳ መቃብር ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ አይችልም።

ጌታ ኢየሱስ በአልዓዛር መቃብር ፊት ቆሞ አለቀሰ (ዮሐ. 11)። ወዳጁን ያጣ ሰው እንባ ምን እንደሆነ ያውቃል። በዚያ ግን አላበቃም። እርሱ ራሱ ወደ መቃብር ገብቶ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 8 ሞት እንኳ ከዚህ ፍቅር ሊለየን እንደማይችል የጻፈው ከዚህ የተነሣ ነው። በዘርህ ተመዝነህ የተመለስህ፣ ሳትጠየቂ የተዳርሽ፣ ወይም ስለምታፍሩበት ነገር ለማንም ያልተናገራችሁ ብትሆኑ፣ አጥንት የማይቆጥር አባት አለ።

ለወላጆችና ለመሪዎች ምክራችን ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት ልጃችሁን ምን እያነበበ እንደሆነ ጠይቁት። ስልኩን አትንጠቁት፤ “እስቲ አንብብልኝ” በሉት። አንድ ምዕራፍ ስሙ። ከዚያ በኋላ ተናገሩ።

አባት ሆይ፣ ልጆቻችንን ከፍቅር ስም ከሚነጥቅ ጠብቃቸው። እኛንም ከመስማት በፊት ከመፍረድ ጠብቀን። በዘርና በሙያ የለያየነውን አንተ በልጅህ ደም አንድ አድርገው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።